ሳይቸግር በርጩማ

ጥቅምት 9 ቀን 2017፣ ቅዳሜ

መርካቶ ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ በርጩማ አየሁ። የጅማውን መርካቶ ማለቴ ነው። ሦስት እግር ያላት፣ ከአንድ እንጨት የተፈለፈለች፣ መቀመጫዋ እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ የአገራችን በርጩማ። ልዩነቱ ቁመቷ አንድ ስንዝር አይሞላም። ሰው አይቀመጥባትም። ድመት እንኳን ብትቀመጥባት ግማሽ ገላዋ ውጪ ይቀራል። ከትልልቆቹ በርጩማዎች መሃል ጫጩት መስላ ቆማለች። አንጀቴን በላችው።

«ስንት ነው?» አልኩት ልጁን።

«650።»

«ለምን ትሆናለች?»

ትንሽ አሰበ። «ታምራለቻ!» አለኝ።

እንዲህ ያለ ሐቀኛ ነጋዴ አይቼ አላውቅም።

ቦርሳዬ ውስጥ 700 ብር ነበር። ሽንኩርቱን ልተወው ይሆን ብዬ ቆሜ ማሰቤን እዚህ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ማስረጃ ይሁንብኝ። ትቻት ሄድኩ። አንዴ ዞሬ አየኋት። ከዚያ ሌላ አንዴ።

ሥራዬ ሒሳብ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው የወጪ ሰነድ እያገላበጥኩ «ለምን እንዳስፈለገ ይብራራ» ብዬ እመልሳለሁ። ለራሴ ቦርሳ ግን እንዲህ ያለ ሰው አልተቀጠረለትም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ሕግ አወጣሁ። በርጩማዋን አልገዛም። ካማረችኝ በእጄ እሠራታለሁ። ሠርቼ እስክጨርስ ደግሞ ምንም የሚያሳሳ ነገር አይገዛም።

በእንጨት ሥራ ያለኝ ልምድ የመጥረጊያ እጀታ መምታት ነው።

ጥቅምት 10፣ እሑድ

እማዬ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ቡፌውን ከፍቼ ቆጠራ አደረግሁ። እንደ መጋዘን ቆጠራ፣ በእውነተኛ ቅጽ።

የታችኛው መደርደሪያ የኔ ነው። የድመት ጆሮ ያላቸው ሦስት ኩባያዎች አሉ። አንዳቸውም ሻይ አይተው አያውቁም፤ ሊጠጡባቸው ሲሉ ጆሮው አፍንጫ ይወጋል። አውራ ጣት የምታክል ጀበና አለች፤ ለጉንዳን ማኅበር ትበቃ ይሆናል። ፍሪጅ ላይ የሚለጠፉ አራት ማግኔቶች አሉ፤ የተገዙት ቤታችን ፍሪጅ ሳይገባ በፊት ነው። የአናናስ ቅርጽ ያለው ማስቀመጫ አለ። ምን እንደሚቀመጥበት እስከ ዛሬ አላገኘሁም። አምስት ደብተሮች አሉ፤ በጣም ስለሚያምሩ አልተጻፈባቸውም። ይህንን የምጽፈው ከቢሮ በተረፈ አሮጌ መዝገብ ጀርባ ላይ ነው።

ከዚያ የኬክ ቅርጽ ያለው ሻማ አለ። መብራት በጠፋ ቁጥር እማዬ ሻማውን ታየዋለች። እኔ «እሱ አይነካም!» እላለሁ። ሻማ እያለን ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን እናመሻለን።

ቆጠራው ላይ የሌለ ግን ከሁሉ የባሰ ወጪ አለ። ባለፈው ዓመት ስድስት ስኒ ገዛሁ፣ ቅጠል የተሳለባቸው። ስኒዎቹ ሲገቡ ረከቦቱ አሮጌ መሰለ። ረከቦቱ ሲቀየር ምንጣፉ አሳፈረን። ምንጣፉ ሲቀየር ጀበናዋ ጠቆረችብኝ። ጀበና እኮ ዱሮም ጥቁር ናት! እዚያ ላይ ነው የነቃሁት። ያኔ ግን የአንድ ወር ደመወዝ ግማሹ ሄዷል።

የላይኛው መደርደሪያ የእማዬ ነው። በሰርጓ ቀን የተሰጧት ጠርዛቸው ወርቃማ የሆነ አሥራ ሁለት ስኒዎች ተደርድረዋል። እኔ ተወልጄ፣ ተምሬ፣ ሥራ እስክይዝ ድረስ አንድም ጊዜ ቡና አልተቀዳባቸውም። ዳንቴል ተነጥፎላቸዋል። ቴሌቪዥኑም ዳንቴል አለው። ፔርሙዙም ዳንቴል ለብሷል። አምሮቱ ከየት እንደመጣብኝ ለማወቅ ምርመራ አያስፈልግም።

እማዬ ስትመለስ ቅጹን አየችው። «የኔንም ቆጠርሽ?»

«ቆጠርኩ።»

«የኔ ለክብር ነው፤ ከዚያኛው ጋር አታደባልቂው» አለችና ነጠላዋን አጣጥፋ ገባች።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ከሥራ ስወጣ በርጩማ ወደሚሠሩ ሽማግሌ ሄድኩ። ሐሙስ መሆኑ ደስ አለኝ። ሂርማታ የሚባለው የጅማ ገበያ ሰፈር በአባ ጅፋር ዘመን በሐሙስ ገበያው የታወቀ ነበር። ቡናው፣ ማሩ፣ ዝባዱ ከየአቅጣጫው ይመጣ ነበር። ዝባድ ማለት ከጥርኝ የሚገኝ፣ ለሽቶ የሚሆን ነገር ነው። ያለሱ የሞተ ሰው የለም። እንግዲህ ያኔም ለማያስፈልግ ነገር አገር የሚያቋርጥ ሰው ነበረ ማለት ነው። ብቻዬን አይደለሁም።

ሽማግሌው መሬት ላይ ተቀምጠው እንጨቱን በሁለት እግራቸው ይዘው ይጠርባሉ። መሣሪያቸው መጥረቢያ ይመስላል፤ ምላጩ ግን እንደ ዶማ ወደ ራሳቸው የዞረ ነው። በየምቱ ከእግራቸው ጣት ሁለት ጣት ርቆ ያርፋል። ዓይኔን ጨፈንኩ። እሳቸው ያወራሉ።

«አባባ፣ እንደምን ዋሉ? በርጩማ መሥራት እንዲያሳዩኝ ነበር። ትንሽ፣ ይቺን የምታክል።»

«ለሕፃን አሻንጉሊት ነው?»

«ለእኔ ነው።»

መሣሪያቸውን አስቀምጠው ሳቁ። ሲጨርሱ እንዲህ አሉኝ፦ «ኢንተላ ኮ (ልጄ)፣ ትንሿ ከትልቋ ትከብዳለች። በትልቋ ብትሳሳቺ ገና እንጨት አለሽ። በትንሿ ብትሳሳቺ እግር የለሽም።»

እንጨቱ ዋንዛ ነው። ዋንዛን የማያውቅ የጅማ ልጅ የለም። ለቡና ጥላ ሆኖ ይቆማል፣ ነጭ አበባው ንብ ይጠራል፣ ፍሬው ቢጫና ጣፋጭ ሆኖ ጣት ላይ ይጣበቃል። ልጅ ሆነን ግማሹን በልተን በግማሹ የተቀደደ ደብተር እናጣብቅበት ነበር። እንጨቱ ደግሞ ለስላሳ ነው፤ ለመሮ አያስቸግርም። መሃሉ ቀላ ይላል፣ ዳር ዳሩ ነጣ ይላል። «ነጩን ነቀዝ ይወደዋል፣ ቀዩን ይፈራዋል» አሉኝ።

ሁለት ቁራጭ አወጡልኝ። አንዱ ጎርባጣ፣ ልጡ ያልተላጠ፣ ቆሻሻ። ሌላው ከሳንቃ የተረፈ ዝርግ ቁራጭ፣ ወፍራም፣ ሮዝ የመሰለ ቀለም ያለው፣ ላዩ ላይ ውሃ የፈሰሰበት የሚመስል መስመር ያለበት።

«ይቺ ትሻልሻለች» አሉኝ ቆሻሻዋን እያሳዩ።

እኔ ቆንጆዋን ወሰድኩ። 150 ብር።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

የዕቃ መግዣ ቀን። አንድ መሮ፣ 700 ብር። ከበርጩማዋ ዋጋ በለጠ። እስካሁን እዚህ ላይ አስተያየት የለኝም።

ሱቁ ውስጥ ግን ሌላ ፈተና ገጠመኝ። ሚጢጢ ውሃ ልክ! የጣት ርዝመት ያላት፣ ቁልፍ መያዣ ላይ የምትንጠለጠል፣ ውስጧ አረንጓዴ ውሃና አንዲት አረፋ ያላት። አረፋዋ ወዲያና ወዲህ ትላለች። ግድግዳ አልገነባም። መደርደሪያ አልሰቅልም። አሥር ደቂቃ ያህል መደርደሪያው ላይ እያዘነበልኩ ተጫወትኩባት። ባለሱቁ «ለቤት ሥራ ነው?» ሲለኝ አፍሬ ወጣሁ።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

ጠዋት ጀመርኩ፣ ቀትር ላይ ሰበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ቁራጩን ጓሮ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩ። መሮው አልቆርጥ አለ፤ እንጨቱን እንደ ዳቦ ይገምጠዋል እንጂ አይቆርጠውም። በኃይል ስመታው ተንሸራቶ የግራ አውራ ጣቴን ሸረከተኝ። ደም ሮዙ እንጨት ላይ ነጠበ። እማዬ በፌጦ ልትደፍነው መጣች፤ ፕላስተር ለጥፌ አመለጥኩ።

ቢሆንም ቅርጹ መውጣት ጀመረ። መቀመጫው ክብ ሆነ። አንዷ እግር ወጣች፣ ሁለተኛዋም ወጣች። ሦስተኛዋን ለማቅጠን በስሱ ስነካት ቀጭ አለች። ዱብ። ከሥሯ፣ እንደ ብስኩት። ከቀሩት ሁለቱ አንዷን በእጄ ብቻ ጫን ብዬ ሞከርኳት። እሷም ቀጭ።

አንድ እግር ያለው በርጩማ እንጉዳይ ይባላል።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

ስብርባሪውን በፌስታል ይዤ ሽማግሌው ዘንድ ተመለስኩ። ሳያወጡት አወቁት።

«ቆንጆዋ ናት አይደል?»

«ናት።»

መጥረጊያ አንስተው አሳዩኝ። «ጭራሮው እንዴት ነው? ወደ ታች ነው የሚወርደው። አንድ ላይ ሲሆን ብትጫኚው አይሰበርም። የእንጨትም ጅማት እንደዚሁ ነው። የእግሩ ርዝመትና የጅማቱ ርዝመት አብረው መውረድ አለባቸው። አንቺ ሳንቃውን አጋድመሽ እግሩን በጅማቱ ላይ አቋርጠሽ አወጣሽው። እግርሽ አጫጭር ጭራሮ ጎን ለጎን የተጣበቀ ሆነ። ታዲያ ምን ይዞት ይቁም?»

ያ የወደድኩት ውሃ የመሰለ መስመር እሱው ነው። ጅማቱ። ውበቱን አይቼ አቅጣጫውን አላየሁም።

ያቺን ቆሻሻ ቁራጭ ሰጡኝ። የግንዱን ቁመት ይዛ የተፈለጠች፣ ከመሃሉ ልብ ራቅ ያለች ናት። የግንዱ ልብ ሥራው ውስጥ ከገባ ሲደርቅ እንደ ኮከብ ይሰነጠቃል አሉኝ። ገና እርጥብ ናት። እርጥብ እንጨት እንደ ድንች ይጠረባል፤ ግን ቶሎ ከደረቀ ይፈነዳል። ስለዚህ ሥራ በማይኖርበት ጊዜ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ፌስታል ውስጥ ማሳደር አለብኝ። 200 ብር ከፈልኩ። በመጀመሪያው ቀን ሰምቼ ቢሆን 150 ነበረች፤ ዋጋው ለምን እንደጨመረ አልጠየቅሁም። ይገባቸዋል።

መሮዬንም አዩት። አዲስ መሮ ተስሎ አይሸጥም ለካ። ድንጋይ ላይ ውሃ ጠብ አድርገው ሳሉልኝ። ክንዳቸው ላይ ሞክረው ፀጉር ላጩበት። መሮውን ስቀበል እጄ በጉጉት ተንቀጠቀጠ። «ሱታ፣ ሱታ» አሉኝ። ቀስ፣ ቀስ።

ኅዳር 1፣ እሑድ

ዛሬ ምንም አልተሰበረም።

መቀመጫዋን ክብ ለማድረግ ኮምፓስ አልነበረኝም። ከስኒዎቹ ማስቀመጫ ሳህን አንዱን ደፍቼ በእርሳስ ዞርኩት። ልክ 12 ሳንቲሜትር። ያ ወጪ ቢያንስ አንድ ጊዜ ጠቀመ።

ከዚያ ሦስቱን እግሮች እኩል ማራራቅ መጣ። በዓይን ግምት ሁለቴ ሞክሬ ሁለቴም አንዷ ወደ ጎን ሸሸች። በመጨረሻ የሰባተኛ ክፍል ትምህርት ትዝ አለኝ። ከክቡ መሃል እስከ ጠርዙ ያለውን ርዝመት በክር ለካሁ። ያንን ክር በጠርዙ ላይ እያስከተልኩ ምልክት ሳደርግ ክቡን በትክክል ስድስት ጊዜ ዞሮ መነሻው ላይ ገጠመ። ስድስቱን አንድ እየዘለልኩ ሦስቱን ወሰድኩ። እኩል! ጎረቤት እስኪሰማ ሳቅሁ። ያን ጊዜ መምህራችንን «ይሄ ምን ይሠራልናል?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

እግር ለምን ሦስት እንደሆነም ዛሬ ገባኝ። የጓሯችን መሬት ጎርባጣ ነው። አራት እግር ያለው ነገር ሁሉ እዚያ ላይ ይወላገዳል። ሦስት እግር ግን የትም ቢቆም ሦስቱም መሬት ይነካሉ። ወረቀት ማጠፍ፣ ከሥር ድንጋይ መሸጎጥ የለም።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ቢሮ አመሸሁ። ጨርቁን ብቻ አረጠብኩ።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

እንጨት ላይ ሁለት ሰዓት፣ ቴሌግራም ላይ ሦስት ሰዓት። እውነቱ ይጻፍ።

ዕቃ የሚሸጡ ቻናሎችን ለመተው አስቤ ነበር። አስራ አንድ ናቸው። ከዘጠኙ ወጣሁ። የቀሩት ሁለቱ «ለመረጃ» ናቸው። ዛሬ አንደኛው የደመና ቅርጽ ያለው የራስጌ መብራት ለጠፈ። ሲነካ ቀለሙን ይቀይራል። ሥሩ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። ይቺ «በውስጥ መስመር» የምትባል ነገር ተንኮል አለባት። ዋጋው ቢጻፍ አይቼ እደነግጥና አልፋለሁ። ካልተጻፈ ግን ጠይቄ ብቻ ልወቅ እላለሁ። ከጠየቅሁ በኋላ ሻጯ «እህቴ፣ ሁለት ፍሬ ነው የቀረው» ትለኛለች። ስሜን ሳታውቅ እህቷ ሆንኩ። እህት ደግሞ አያሳፍሩም።

ቴሌብሩን ከፈትኩ። ቁጥሩን አስገባሁ። የምሥጢር ቁጥሬን ልመታ ስል አውራ ጣቴ ላይ ያለው ፕላስተር ስክሪኑን አልነካ አለ። በሌላ ጣት መምታት ይቻል ነበር። ግን በዚያች ቅጽበት ቁስሉን አየሁት፤ ሥራዬ ጓሮ ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ እየጠበቀኝ ነው። ስልኩን ዘጋሁ። ቆየት ብላ ሻጯ «ሁለት ፍሬ ነው የቀረው» ብላ ድጋሚ ጻፈችልኝ። አሁንም ሁለት!

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ኅዳር ሲታጠን። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ያ ክፉ ወረርሽኝ አገር ከጨረሰ ወዲህ በዚህ ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል። ከሥራ ስመለስ ሰፈሩ በሙሉ ጭስ ነው። እማዬ ጓሮውን ጠርጋ ክምሩን ለኩሳዋለች። ፍቅፋቂዬ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ባለ አንድ እግሯ በርጩማዬም እዚያው ነበረች።

«እማዬ! እሷን እኮ ላስቀምጣት ነበር!»

«ለምን?»

መልስ አጣሁ። «ታምራለቻ» ልል ነበር። ዋንዛ ሲቃጠል ጭሱ ለስለስ ያለ ነው። ቆመን አብረን ሞቅን።

ኅዳር 15፣ እሑድ

አፉ እንደ ማንኪያ የጎበጠ ትንሽ መሮ ገዛሁ፣ 550 ብር። ሥራው ያለሱ አይሄድም ነበር። (ይህንን ዓረፍተ ነገር ስንት የወጪ ሰነድ ላይ እንዳነበብኩት!)

ይህ መሮ ግን ሌላ ዓለም ነው። ቀጭኑ ፍቅፋቂ ከአፉ እየተጠቀለለ ይወጣል፣ እንደ ሕፃን ፀጉር። መቀመጫው ላይ የሚያጋጥመው የጅማቱ ጫፍ ስለሆነ ይከብዳል። ወደ መሃል በተቆረጠ ቁጥር የእጅ አንጓ ያማል። በእግሮቹ መሃል ያለውን ሆድ ሳወጣ ግን እንጨቱ ራሱ ይመራኛል። ከመቀመጫው ሥር እስከ እግሯ ጫፍ አንድ መስመር ሳይቋረጥ ሲወርድ አየሁት። ሽማግሌው በመጥረጊያ ያሳዩኝ ነገር እጄ ውስጥ ገባ። ጫን አልኳት። ቻለች። በሁለት እጅ ጫንኳት። ቻለች!

ከዚያ ጥፋት ሠራሁ። ፎቶ ላነሳት ፀሐይ ላይ መስኮት ጠርዝ አስቀመጥኳት። አሥራ አራት ፎቶ አነሳሁ። ከዚያ እህቴ መጣች፣ ወሬ ተጀመረ፣ ረሳኋት። ከሰዓት ስመለስ ከመቀመጫዋ ጠርዝ ወደ መሃል ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ገብታለች። ጫፉ በኩል ውሃው ቶሎ ይወጣል፤ ላዩ ሲኮማተር ውስጡ ገና እርጥብ ነው፤ ይሰነጠቃል። ይህን ሁሉ ተነግሮኝ ነበር። ለፎቶ ስል!

እህቴ ሳይኮሎጂ ነው የምትማረው፣ እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ። በርጩማዋን መዳፏ ላይ አድርጋ «ለምን እንደምታሳሳሽ ልንገርሽ?» አለችኝ። ኮንራድ ሎሬንዝ የሚባል ኦስትሪያዊ የእንስሳት ጠባይ አጥኚ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ1943 የጻፈውን ነው የነገረችኝ። ትልቅ ራስ፣ ትልቅ ዓይን፣ ክብ ፊት፣ አጭርና ወፍራም እጅና እግር ስናይ ሕፃን ያየን ያህል ሆዳችን ይባባል። ቡችላም ይሁን ጫጩት ልባችን አይለይም። ዕቃ ሠሪዎችም ይህንን አውቀውታል።

«ይቺ ግን ዓይን የላትም» አልኳት።

«ራሷ ትልቅ፣ እግሯ አጭር» አለችና መቀመጫዋን ዳሰሰችው። «ጨርሰሽ ስትሰለቺያት ለእኔ ስጪኝ።»

በእህቴ ፊት ላይ የራሴን ፊት አየሁት።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ሽማግሌው ስንጥቋን በጥፍራቸው ነካ አደረጓት። «አትሞትም» አሉ። ከሥራቸው ሥር አንድ ፌስታል ሙሉ ፍቅፋቂ ሰጡኝ። እዚያ ውስጥ ቀብሬ ጥላ ውስጥ አሥር ቀን ላስቀምጣት። ፍቅፋቂው እርጥበቱን ቀስ ብሎ ያወጣዋል። የራሴ ፍቅፋቂ ኅዳር 12 ታጥኖበታል።

ኅዳር 22፣ እሑድ

እሷ እስክትደርቅ ሥራ የለኝም። ከእህቴ ጋር ጅሬን ኮረብታ ላይ ወዳለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወጣን። በትምህርት ቤት ጉብኝት ሁለቴ ሄጃለሁ፤ ያኔ ያየሁት የጓደኞቼን ጫማ ነበር። ዛሬ ያየሁት እንጨት ነው። ሰገነቱን፣ ምሰሶውን፣ የወለሉን ሳንቃ። ዳግማዊ አባ ጅፋር እንደ ፈረንጆቹ ከ1878 እስከ 1932 ነው የገዙት። ያ እንጨት በዚህ ዝናብ አገር እስከ ዛሬ ቆሟል። አንድ ምሰሶ አጠገብ ቆሜ የጅማቱን አቅጣጫ በጣቴ ስከተል አስጎብኚው «አይነካም» አለኝ። እኔም ለሻማዬ እንደዚሁ ነው የምለው።

ኅዳር 29፣ እሑድ

ደርቃለች። ስንጥቋ አልሰፋችም። ሰጋቱራ በኮላ ለውሼ ሞላኋት። ከሩቅ አትታይም፤ ከቅርብ እንደ ጠባሳ ትታያለች።

ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት። መጀመሪያ 80፣ ቀጥሎ 120፣ መጨረሻ 240። ከ240 በፊት በእርጥብ ጨርቅ አበስኳት። ተኝተው የነበሩ የእንጨቱ ክሮች ውሃው ሲነካቸው ይቆማሉ፤ ሲደርቁ እንደገና ይፋቃሉ። ሦስት ሰዓት ፈጀ። ጆሮዬ ውስጥ ሳይቀር አቧራ ገባ። መጨረሻ ላይ ጉንጬን አስደገፍኳት። ማንም አላየኝም።

ለቅባቱ ሰም ገዛሁ፣ አንድ እጅ ሰም ለአራት እጅ የኑግ ዘይት። በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፤ ሊቀጣጠል ይችላል። ድስት ውስጥ ውሃ አፍልቼ ቆርቆሮውን እዚያ ላይ አስቀመጥኩ። ሰሙ ሲቀልጥ ቤቱ ማር ማር ሸተተ። በጨርቅ ስቀባት ያ የደበዘዘ እንጨት በአንድ ጊዜ ቀላ። መስመሮቹ ሁሉ ብቅ አሉ። ያቺ «ቆሻሻ» ቁራጭ ውስጧ ከቆንጆዋ ይበልጥ ቆንጆ ነበር።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ሒሳብ መዝጊያ። እንጨት ሁለቴ 350። መሮ ሁለት 1,250። የብርጭቆ ወረቀት 240። ሰም 120። ባጃጅ 160። ዘይቱ ከወጥ ቤት ስለተሰረቀ አልተመዘገበም። ጠቅላላ 2,120 ብር። ሱቅ ካለችው በ1,470 ብር ትበልጣለች። ሰነዱ ቢሮ ቢመጣልኝ በቀይ እስክሪብቶ እመልሰው ነበር።

ወደዚያ ሱቅ ሄድኩ። ሰበቡ ሽንኩርት ነው። ትንሿ በርጩማ አለች። አንስቼ ገለበጥኳት። ልጁ ገረመው፤ ሰው ላይዋን ነው የሚያየው። ሥሯ የመሮ ጠባሳ አለ። እግሯ ጅማቱን ይዞ ወርዷል። ሆዷ በሦስት አቅጣጫ ተስተካክሎ ተፈልፍሏል። ይህን የሠራ ሰው የእጅ አንጓው አሞታል።

«አሁን ስንት ነው?»

«700 ገብቷል።»

ርካሽ ነው። ከልቤ ነው። ግን እሷን መግዛት አላማረኝም። ሲወጣልኝ ይታወቀኛል፣ እንደ ጥርስ ሕመም ነው። በመመለሻዬ የመሮው ሱቅ መስኮት ላይ አንዲት ሦስት ማዕዘን አፍ ያላት ቀጭን መሮ ነበረች። እጀታዋ ቢጫ። ደርሼ መጣሁ ብዬ ለእማዬ የደወልኩት እዚያ መስኮት ፊት ለፊት ከቆምኩ ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው።

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ

በርጩማዋን ቡፌው ላይ፣ የታችኛው መደርደሪያ መሃል፣ ከአናናሱ አጠገብ አስቀምጫት ነበር። ታጥቤ ስመለስ የለችም።

እማዬ ቡና እያፈላች ነው። ማቶቱ ፈራርሶ ሣሩ ከወጣ ቆይቷል፤ በየሳምንቱ «ማቶት እንግዛ» ስትል እኔ ረስቼ እመጣ ነበር። አሁን ጀበናዋ ከፍም ወርዳ በርጩማዬ ላይ ተቀምጣለች። ጎድጓዳው መቀመጫና የጀበናዋ ክብ ቂጥ እንደ ተለካኩ ሁሉ ገጥመዋል። ጎርባጣው ወለል ላይ አትወላገድም።

«እማዬ! ሰሙ!»

ሰሙ ቀልጦ በእግሯ በኩል ይወርዳል። ቤቱ ቡናና ማር ይሸታል። ጀበናዋን ሳነሳት መቀመጫዋ ላይ ጥቁር ክብ ታትሟል፤ የጥላሸትና የቃጠሎ። በአውራ ጣቴ ፋቅሁት። አይለቅም። ሦስት ሰዓት የፋቅሁት፣ ጉንጬን ያስደገፍኩበት ቦታ ነው።

«ምን ሆነች? ቆማለች እኮ» አለች እማዬ። ጀበናዋን ከእጄ ተቀብላ መልሳ አስቀመጠችው። «ስንት ዓመት ዕቃ ስትገዢ አንድ የሚረባ ነገር ዛሬ ገዛሽ።»

«አልገዛሁትም። ሠራሁት።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ስኒዎቹን መቅዳት ጀመረች፤ የኔዎቹን፣ ባለ ቅጠሎቹን። ሁለተኛውን ስታቀብለኝ ዓይኗ ወደ ቡፌው የላይኛው መደርደሪያ ሄደ።

«እንዲህ ሚጢጥዬ አድርገሽ» አለችኝ፣ በጣቷ የስኒ ቂጥ ልክ እያሳየች፣ «ለነዚያ ለወርቃማዎቹ ማስቀመጫ ብትሠሪላቸው አያምሩም?»

አሥራ ሁለት ናቸው።